ልጅ ተፈጥሮውን እንዳይንቅ ስለሚያስተምሩ ባለ ሥዕል የእንስሳት መጻሕፍት

በወለንጪቲ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



ስለ ሕፃናት መጽሐፍ ጥቂት ቃል እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ፥ ይህ ለእኔ የተገባ ነገር አይደለም ብዬ ነበር። እኔ በደብር ጥላ ሥር ፊደል ቈጥሬ ዳዊት ደግሜ ያደግሁ፥ ዛሬም መዝገብ በመጻፍ የምተዳደር ጸሐፊ ነኝ እንጂ ሕፃናትን የማስተማር ጥበብ የተማርሁ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ከዚህ ከወለንጪቲ ብዙ በማይርቅ ተማሪ ቤት ያየሁት አንድ ነገር ከልቤ አልወጣ ስላለኝ፥ እርሱን ለመንገር ስል እሺ አልሁ። በዚያ የነበረው መምህርም እንድናገረው ፈቅዶልኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሥራ ጉዳይ ወደዚያ ሄጄ መዝገብ ስገለብጥ፥ ከአጠገቤ ካለው ክፍል የአንደኛ ክፍል ልጆች የአባቶቻቸውን ሥራ በየተራ ሲናገሩ እሰማ ነበር። አንዱ ገበሬ ነው ይላል፤ አንዲቱ ነጋዴ ነው ትላለች፤ ሌላው ዘበኛ ነው ይላል። ተራው ለአንድ ቀጭን ልጅ በደረሰው ጊዜ ግን ዝም አለ። የልጁን አባት በመንገድ ላይ ዘወትር አየዋለሁ፤ በአህያ ጋሪ ውኃ እያመላለሰ ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድር፥ የሰው ገንዘብ የማይነካ ብርቱ ሠራተኛ ነው። መምህሩ ሁለተኛ በጠየቀው ጊዜ ልጁ «አጎቴ ሾፌር ነው» ሲል መለሰ። ልጆቹም ሳቁ። መምህሩ ክፉ ሰው ሆኖ ሳይሆን ምሳሌው አፉ ላይ ስለ መጣለት፥ «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ብሎ ተረተ። ያን ጊዜ ሳቁ እጥፍ ሆነ። እኔም ከግድግዳው ወዲያ ሆኜ ሳቅሁ። ልጁ በማግሥቱ አልመጣም፤ በሣልስቱም አልመጣም።

ይህን ምሳሌ ሁላችን እንወደዋለን፤ ዘሩን የሚደብቀውን ትዕቢተኛ የምንወቅስበት ነውና። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ደጋግሜ አሰብሁት። በቅሎዪቱ አባቷን ስለ ምን ደበቀች? አህያ መባል በሰው አፍ ስድብ ሆኖ ስላገኘችው አይደለምን? ስድቡን ያወጣነው እኛ፤ አፈረች ብለን የምንስቅባትም እኛ ነን። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንላለን፤ የአህያ ሥጋ ከአልጋ ሲሉት ከአመድ እንላለን። ነገር ግን በዚህ በቆላው አገር ውኃውን ከቦኖ፥ ጤፉን ከአውድማ፥ ጭዱን ከማሳ ወደየቤቱ የሚያደርሰው ማን ነው? ኢትዮጵያ ከዓለም አገሮች ሁሉ ይልቅ አህያ የሚበዛባት አገር ናት። ይህን ያህል የምንደገፍበትን ፍጥረት ስሙን ለሰነፍ ተማሪ መምቻ ዱላ አድርገነዋል። በአህያም አላበቃንም። ብዙ የበላውን ጅብ፥ ቀስ የሚለውን ዔሊ፥ ዓይነ አፋሩን አይጥ፥ ረጅሟን ልጃገረድ ግመል እንላለን። ሕፃኑ ፊደል ከመለየቱ አስቀድሞ የእንስሳትን ስም በስድብነት ይለያል።

እኔም ከዚህ ዕጣ ድርሻ ነበረኝ። ልጅ ሳለሁ ንባብ ይከብደኝ ነበር፤ ባልንጀሮቼ ወደ ቁም ንባብ ሲሻገሩ እኔ ገና በግእዝ ንባብ ላይ እየተንተባተብሁ እቀር ነበር። አንድ የኔታ ስለዚህ ነገር ዔሊ ብለው ስም አወጡልኝ፤ ስሙም ከእኔ ጋር አደገ። ኋላ ዔሊ ጥንቸልን በሩጫ የቀደመችበትን የኤዞፕን ተረት ያነበቡልኝ ሰዎች በዚህ ተጽናና አሉኝ። እውነቱን ልናገርና አልተጽናናሁም። ጥንቸሏ በመንገድ ላይ ባትተኛ ኖሮ ዔሊዪቱ ምን ልትሆን ነበር? ደግሞስ እኔ ማንን ልቅደም አልሁ? የፈለግሁት በራሴ እርምጃ ሳነብ ማንም እንዳይስቅብኝ ብቻ ነበር። ይህን ቃል ስለ መጻሕፍቱ ስናገር ስለምመለስበት ያዙልኝ።

ከእንስሳት መማር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ በአክሱም መንግሥት ዘመን ከግሪክ ቋንቋ ወደ ግእዝ ተተርጕሞ፥ የአንበሳን፥ የንስርንና የጉንዳንን ጠባይ እየነገረ ሲያስተምር ኖሮአል። ከመካከላችሁ ዓረብኛ የምታነቡ ደግሞ ከሊላ ወዲምናን ታውቃላችሁ፤ መነሻው ከህንድ አገር ሆኖ በ8ኛው መቶ ዓመት ኢብን አልሙቀፋዕ ወደ ዓረብኛ የመለሰው ነው። በቅርብ ዘመንም ክቡር ከበደ ሚካኤል የጻፉትን ታሪክና ምሳሌ በየተማሪ ቤቱ ብዙ ትውልድ አንብቦ አድጎበታል። እነዚህን መጻሕፍት አከብራለሁ፤ ነገር ግን በእነርሱ ዘንድ እንስሳው የሌላ ነገር ምሳሌ ነው። አንዱ ለተንኰል፥ አንዱ ለትጋት፥ አንዱ ለስስት ይቆማል። አሁን የምናገርላቸው የሕፃናት መጻሕፍት ግን በዚህ ይለያሉ፤ በእነርሱ ዘንድ እንስሳው ልጁ ራሱ ነው። ያፍራል፥ ይፈራል፥ ከጓደኞቹ ይሸሻል፤ ፊደል ያልቈጠረው ሕፃንም ሥዕሉን አይቶ ይህ እኔ ነኝ ይላል። ሥዕል ላላነበበ ሰው መጽሐፍ መሆኑን የቤተ ክርስቲያናችንን ግድግዳ ያየ ሁሉ ያውቀዋልና በዚህ ላይ ቃል አላበዛም።

እንደዚህ ያሉ መጻሕፍት በውጭ አገር ብዙ ናቸው፤ እኔ ሦስቱን ብቻ አነሣለሁ። ከሁሉ ይልቅ ስሙ የታወቀው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1843 የዴንማርኩ ሰው አንደርሰን የጻፈው የአስቀያሚው የዳክዬ ጫጩት ተረት ነው። ጫጩቱን መልኩ ከወንድሞቹ ስለ ተለየ ሁሉ ያባርረዋል፥ ሁሉ ይነክሰዋል፤ በመጨረሻ ግን አድጎ ራሱን በውኃ ቢያይ ዳክዬ ሳይሆን ያማረ ስዋን የሚባል ነጭ ወፍ ሆኖ ያገኘዋል። ተረቱ ልብ ይነካል፤ እኔም ሳነበው አልቅሻለሁ። ነገር ግን መልካም ፍርድ አይመስለኝም። ስዋን ሆኖ የወጣው ዳነ፤ ዳክዬ ሆኖ የቀረው፥ ያውም መልኩ ያላማረው ዳክዬ፥ ምን ይበል? የጋሪ ነጂውን ልጅ አይዞህ አንድ ቀን የመኳንንት ልጅ መሆንህ ይገለጣል ብለን ልናጽናናው ነውን? ይህ የበቅሎዪቱን ምኞት እውነት ማድረግ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ሁለተኛው በ1936 በአሜሪካ መንሮ ሊፍ የጻፈው፥ ሮበርት ሎውሰን ሥዕሉን የሣለው የፈርዲናንድ ታሪክ ነው። ፈርዲናንድ በእስጳንያ አገር ያለ ወይፈን ነው። እኩዮቹ ሲዘሉና በቀንድ ሲዋጉ እርሱ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ አበባ ማሽተት ይወዳል። እናቱ ብቸኝነት እንዳይጎዳው ሰግታ ጠየቀችው፤ ደስ ብሎት መቀመጡን ባየች ጊዜ ግን እንደ ወደደ ይሁን ብላ ተወችው። ኋላ ንብ ነድፋው ቢዘል ኀይለኛ ነው ብለው ወደ ማድሪድ ለውጊያ ወሰዱት፤ እርሱ ግን በሜዳው መካከል ተቀምጦ ሴቶቹ በራሳቸው ላይ ያደረጉትን አበባ ያሸትት ጀመር። ቢቸግራቸው ወደ መስኩ መለሱት። በዚህ ታሪክ ፈርዲናንድ ማንንም አላሸነፈም፤ ሌላ ነገር ሆኖም አልተገኘም። እንደ ነበረ ነው የተመለሰው። የከብት እረኞች ልጆች ባሉበት በእኛ አገር፥ ኮርማ ሲዋጋ መመልከት በሚወደድበት ሜዳ፥ ከዱላ ጨዋታ የሚሸሸውን ዝምተኛ ልጅ ፈሪ እያልን የምናሳፍረው ስንቶቻችን ነን! የመጽሐፉ ሥዕል ሁሉ በጥቁር ቀለም ብቻ የተሣለ መሆኑንም ልብ በሉ፤ ቀለም የለንም ብሎ ሥራ ለሚተው ሰው መልስ ነውና።

ሦስተኛው በ1968 እንግሊዛዊው ዴቪድ መኪ ያሳተመው ኤልመር የሚባለው ዝሆን ነው። ዝሆኖች ሁሉ ዳለቻ ሲሆኑ ኤልመር ከልዩ ልዩ ጨርቅ እንደ ተጣፈ ልብስ ዥንጕርጕር ነው። በመልኩ የሚስቁበት መሰለውና አንድ ቀን ዳለቻ ፍሬ አራግፎ ተንከባለለበት፤ መልኩም እንደ ሌሎቹ ሆነ። ወደ መንጋው ቢመለስ ማንም አላወቀውም፤ መንጋውም ዝም ብሎ ቆሞ አገኘው። ሳቅ ይዞት ቢጮህ ጊዜ ግን ኤልመር መሆኑን አወቁ፤ ዝናብ መጥቶም ቀለሙን አጠበው። እኔ ከዚህ መጽሐፍ የምወደው አንድ ነገር ነው፤ ሕፃኑ ራሱን ሲሸሽግ የሚጎድለው ለራሱ ብቻ አይደለም፤ መንጋው ሁሉ ይጎድልበታል።

ይህ ሁሉ የባዕድ አገር ነገር ነው የሚል እንዳይኖር የራሳችንን ሰዎች ላንሣ። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከአገር ተሰደው በአሜሪካ በሳንፍራንሲስኮ ከተማ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በነበሩ ጊዜ፥ ለኢትዮጵያ ልጆች በቋንቋቸው የተጻፈ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ፈልገው አጡ። ስለዚህ ራሳቸው አዘጋጅተው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ ወደ አገራቸውም ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ከዚያ በኋላ ያደረጉት ግን ለእኛ ለስምጥ ሸለቆ ሰዎች ይበልጥ የሚነካን ነው። በሐዋሳ ከተማ በጋሪ ላይ የመጽሐፍ መደርደሪያ አሠርተው፥ ጋሪውን በአህያ እያስጎተቱ ወደ ሕፃናቱ ሰደዱት። ያላዋቂነት ስድብ ያደረግናት አህያ መጽሐፍ ጭና በመጣች ጊዜ፥ ልጆቹ ከሩቅ አይተው እየሮጡ ይቀበሏት ነበር። ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡም አስቀድመው መምህርት የነበሩ ናቸው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 ጸሐይ የምትባል የስድስት ዓመት ቀጭኔ አሻንጉሊት ሠርተው ጸሐይ መማር ትወዳለች በሚለው ዝግጅት በቴሌቪዥን አቀረቧት፤ የመጽሐፍ ገጸ ባሕርይም አደረጓት። የወለንጪቲ ልጅ ቀጭኔ በዓይኑ አላየም፤ ነገር ግን አማርኛ እየተናገረች የምትጠይቀውን ያችን ቀጭኔ እንደ ጎረቤቱ ልጅ ወደዳት።

አሁን ከሽማግሎቻችን አንዳንዶቹ የሚሉትን አውቃለሁ፤ ነግረውኛልምና። ልጅ ራሱን ከወደደ ማንን ይሰማል? እኛ በተግሣጽ አድገን ሰው ሆነናል፤ ይህ ትምህርት ልጁን ያባልገዋል ይላሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ተፈጥሮና ጥፋት ሁለት ነገር ናቸው። አህያ አህያነቷን ትውደድ ማለት የጎረቤት ማሳ ገብታ ትብላ ማለት አይደለም፤ ማሳ ከገባች ትመለሳለች፥ ጆሮሽ ስለ ምን ረዘመ ተብላ ግን አትመታም። ልጁም ቢዋሽ ይገሠጽ፤ ሥራውን ባይሠራ ይገሠጽ። ስለ ቁመቱ፥ ስለ አንደበቱ መተብተብ፥ ስለ አባቱ ሙያ፥ ከቤቱ ይዞት ስለ መጣው ቋንቋ ግን ምን አጠፋ?

ወደዚያ ልጅ ልመለስ። በአራተኛው ቀን መምህሩ ራሱ ተነሥቶ ወደ ልጁ ቤት ሄደ። አባትዮው ነገሩን አላወቀም፤ ልጁ ሆዴን አመመኝ ብሎት ነበር። መምህሩም ለአባቱ ሳይገልጥበት ይዞት መጣ። በዚያ ቀን ለትምህርት ብሎ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጋሪ የምትጎትት አህያ ሣለ። ጠፍሩን በአንገቷ ዙሪያ አድርጎ ሲሥለው ያ ልጅ ከኋላ ተቀምጦ ሳለ «ትታነቃለች!» ብሎ ጮኸ። መምህሩ ጠመኔውን ሰጠው። ልጁም ወጥቶ የአንገቱን ጠፍር አጥፍቶ በደረቷ ላይ አሳለፈው፤ ጭነቱም ወደ ኋላ ካዘነበለ ዘንጉ ወደ ላይ እየሳበ እንደሚጎዳት፥ ወደ ፊት ካዘነበለ ጀርባዋን እንደሚያገጥባት፥ ማታ ስትመለስም ማንም ሳይነዳት ቤቷን ለይታ እንደምትገባ ተናገረ። ልጆቹ ዝም ብለው ሰሙት። እኔ በዚያ አልነበርሁም፤ መምህሩ በነገረኝ ጊዜ ግን ያን ሳቄን አስታወስሁና አፈርሁ።

ከዚህ በኋላ መምህሩና እኔ አንድ መጽሐፍ ለመሥራት ተማከርን። ለመግዛት ገንዘብ አልነበረም። ጊዜው ያለፈበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ጀርባው ነጭ ነውና ከየመሥሪያ ቤቱ ለምኜ ሰበሰብሁ፤ ስድስት ቅጠል አድርጌ እንደ ብራና ጥራዝ በመካከሉ ወግቼ በክር ሰፋሁት። ከጽሕፈት ሙያዬ ለዚህ የጠቀመው ይህ ብቻ ነው። ሥዕሉን መምህሩ በከሰልና በእርሳስ ሣለ፤ ልጆቹ እየተመለከቱ አረሙት። ታሪኩ በጆሮዋ ርዝመት ስላፈረች አህያ ነው። በበዓል ቀን የተሸለመ ፈረስ አይታ ጆሮዋን በጨርቅ ሸፈነችው። እኔ መጀመሪያ ያሰብሁት ፍጻሜ በሌሊት ጅብ ሲመጣ በዚያ ረጅም ጆሮዋ ሰምታ መንደሩን እንድታድን ነበር፤ በሐሳቤም ደስ ብሎኝ ነበር። ለልጆቹ ባነበብንላቸው ጊዜ ግን አንዲት ትንሽ ልጅ «ጅቡ ባይመጣስ?» ብላ ጠየቀች። የምመልሰው አጣሁ። በልጅነቴ ስለ ጥንቸሏ የጠየቅሁት ጥያቄ ይኸው አልነበረምን! ጅቡን ከመጽሐፉ አወጣነው። አሁን አህያዪቱ ጆሮዋን ሸፍና ስትሄድ የውርንጫዋን ጥሪ ሳትሰማ ትቀራለች፤ ዘወር ብትል አጣችው፤ ጨርቁን ከራሷ ላይ አውልቃ ጣለችና ሰማችው። በመጨረሻው ገጽ ሁለቱ ጆሮአቸውን ጥለው በጥላ ሥር ቆመዋል፤ ከዚህ ሌላ የተጻፈ ነገር የለም።

ጅቡን ያወጣንበት ሌላም ምክንያት ነበር፤ ይህን መምህራን በብርቱ እንድታስቡት እፈልጋለሁ። በአገራችን የአንጥረኛውንና የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ቡዳ ነው፥ ሌሊት ጅብ ይሆናል እያሉ የሚያሸሹ ሰዎች እስከ ዛሬ አልጠፉም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከመቶ ዓመት በፊት ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ አዋጁ ግን አፍን እንጂ ልብን አልዘጋም። እንግዲህ የአንጥረኛ ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ጅብ ሁልጊዜ ሆዳም፥ ሁልጊዜ ሌባ፥ ሁልጊዜ የሚገደል የሆነበት መጽሐፍ ብናነብ፥ ለአንዱ መድኃኒት ያደረግነው ለሌላው መርዝ ይሆናል። ስለ ጅብ መጽሐፍ ይሠራ ዘንድ ብወድ፥ ግልገሎቿን በጕድጓድ የምትጠብቅ እናት ጅብ ብትሆን እመርጣለሁ፤ ይህም እውነት ነው፤ ጅብ ልጇን ታሳድጋለችና።

ስለ ንባቡ የምለው አጭር ነው። ጽሑፉን አስቀድሞ በአፋን ኦሮሞ፥ ከግርጌውም በአማርኛ ጻፍነው፤ በቤቱ ሀሬ እያለ የሚጠራትን አህያ በዚያው ስሟ እንዲያገኛት ነው። ሥዕሉን ከቃሉ አስቀድማችሁ አሳዩ፤ ልጆቹ እስኪጠግቡት ድረስ ገጹን አትግለጡ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ከዚህ ምን ተማራችሁ ብላችሁ አትጠይቁ። ይህ ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ነው፤ በአንድምታ ትርጓሜ ያደግሁ ሰው ስለ ሆንሁ ምስጢሩን ሳልናገር መቀመጥ ያሳክከኛል። መምህሩ ሁለት ጊዜ ከንግግሬ አቋርጦኛል፤ ልክም ነበረ።

ያ ልጅ ዛሬም ከኋላ ነው የሚቀመጥ። አባቱ ውኃ ሊቀዳ ሲሄድ በጋሪው አሳፍሮ ያመጣዋል፤ ቀድሞ ከመንገዱ ማዕዘን ላይ ይወርድ ነበር፤ አሁን አንዳንድ ቀን በበሩ ፊት ሲወርድ አይቼዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን ግን ዛሬም ከማዕዘኑ ላይ ይወርዳል።

የሁለተኛውን መጽሐፍ ነገር ልጆቹ ስለ ግመል ይሁን ብለው መርጠዋል። ወረቀት አለ፤ ቀን መቁጠሪያ የቀራችሁ ብትጨምሩልን ደግሞ መልካም ነው። ያነሰን የሚያውቅ ሰው ነው። ከመካከላችሁ ግመል ያረባችሁ ወይም ከከረዩ ወገን ዘመድ ያላችሁ ሽማግሎች፥ በአፋን ኦሮሞ የግመል ተረት የምታውቅ አያት ያለቻችሁም ብትሆኑ፥ ቅዳሜ ጧት ወደ ተማሪ ቤቱ ብትመጡልን እንለምናለን። ግመል ስትንበረከክ አስቀድማ የምታጥፈው የፊቱን እግር ነው፥ የኋላውን ነው በማለት ልጆቹ ተከራክረው እስካሁን አልተስማሙምና፥ መምህሩም ሥዕሉን መጀመር አልቻለም።